የቀያሹ ቂብላ

አባትና ልጅ ከተኳረፉ አስር ቀን ሆኗቸው ነበር። ቤቱ ደግሞ ለኩርፊያ የሚመች ቤት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ጠባብ መኝታ ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ወጥ ቤት። የተኳረፈ ሰው በየደቂቃው ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፋ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መልእክት የሚያመላልስ ሰው አስፈለገ፤ ያ ሰው እናትየው ሆነች።

"ለልጅሽ ንገሪያት፣ ጨው ታቀብለኝ" ይላል አባት፣ ጨው ከልጁ ክርን ሥር ተቀምጦ።

"ለባልሽ ንገሪው፣ ጨው ለደም ግፊት አይሆንም" ትላለች ልጅ።

"ጨው ታቀብለኝ ነው ያልኩት፤ ሐኪም ትሁነኝ አላልኩም በያት።"

እናት እጇን ዘርግታ ጨውን ራሷ ታነሳለች። ይህንንም ስታደርግ ልቧ አይረጋም፤ የደም ግፊቱ እውነት ቢሆንስ? ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ የምታስበው ሊመጣ ያለውን ክፉ ነገር ብቻ ነው። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞተ ትላለች። ካልጮኸ ደግሞ ይደውልልኝ የነበረው ሰው ሞተ ትላለች።

የኩርፊያው መነሻ ልጅቷ ናት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ "ለምን" እያለ ነው የሚጠራት። ዝናብ ለምን ወደ ላይ አይዘንብም፣ ዓሣ ለምን ውሃ አይጠማውም፣ አላህን ማን ፈጠረው። የመጨረሻዋን ስትጠይቅ አባቷ "እንዲህ የሚል ሰው አፉን በሳሙና ይታጠባል" ብሏት ነበር። "ለምን በሳሙና?" አለችው። አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሂሳብ ታጠናለች፤ ጥያቄው አብሯት አድጓል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሲደርስ እናት እንደ ልማዷ መስገጃዎቹን አነጠፈች። ልጅቷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

"ለሰላት አልታጠብሽም? ውዱእ የለሽም?" አለ አባቷ።

"አለኝ አባ። ግን ከማን ጋር እንደማወራ እስካውቅ ድረስ ማውራት አቁሜያለሁ።"

"አስተግፊሩላህ! ካድሽ?"

"አልካድኩም። አወቅሁ ማለትም አልችልም። እየፈለግኩ ነው። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ግንባሬን ብደፋ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ አንተ ነህ የከለከልከኝ።"

አባትየው ቀያሽ ነው፤ ሠላሳ ዓመት መሬት ለክቷል። በቃል ሲረታ ድምፁ ይጠፋዋል። ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆየና ወደ ሚስቱ ዞሮ "ለልጅሽ ንገሪያት" አለ፤ ኩርፊያው የተጀመረው በዚህች ቃል ነው። ልጅቷም በዚያው ቀን ከጓደኛዋ ጋር ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ክፍል መከራየቷን፣ ወር ሲገባ ቅዳሜ ቀን እንደምትወጣ ተናገረች።

"ሳትሰግድ ከዚህ ቤት የምትወጣ ከሆነ ቁልፉን አስቀምጣ ትውጣ በያት" አለ አባት።

ልጅቷ መልእክተኛ አልጠበቀችም። ቁልፉን ከቀለበቱ ፈልቅቃ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ጠቅ አድርጋ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እናት ማቀዝቀዣውን ስትወለውል ዙሪያውን ብቻ ትወለውላለች። ቁልፉን ካነሳችው ነገሩ የሚቆረጥ፣ ልጇም ዳግመኛ ይህን በር ከፍታ የማትገባ ይመስላታል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የስፌት መኪናው ነገር የመጣው።

እናት ትዳር ስትይዝ ይዛው የመጣችው፣ በእግር የሚረገጥ፣ ሁለመናው ብረት የሆነ መኪና ነበራት። ጉልበቷ መረገጡን እምቢ ስላላት ቀላል የኤሌክትሪክ መኪና ተገዛ፤ አሮጌው ለእህቷ ሊሄድ ሁለት ተሸካሚዎች መጡ። መሳቢያውን ስታራግፍ፣ ከልብስ ቁልፍና ከጠመኔ ቁራጭ መሃል፣ ባሏ በወጣትነቱ ይሠራበት የነበረው የነሐስ ኮምፓስ ወጣ። አንስታ መኪናው አጠገብ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

ተሸካሚዎቹ "አንድ፣ ሁለት!" ብለው መኪናውን አነሱ። የኮምፓሱ መርፌ ነቃ። ወንዶቹ እያቃሰቱ ወደ በሩ ሲሄዱ መርፌው እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው አንገቱን እያዞረ ተከተላቸው። ደረጃውን ሲወርዱ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘና ሌላ ቦታ ላይ ረጋ።

እናት አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። የፊዚክስ መምህሩ መግነጢስና ብረት እያለ ሲያስተምር በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ብትውልም፣ ይህቺን አልረሳቻትም። ትልቁን መቀሷን አመጣችና አስጠጋች፤ መርፌው ዞረ። መቀሱን አራቀች፤ ተመለሰ። ኮምፓሱን እንደያዘች መኪናው ወደነበረበት ቦታ ዞረች።

ምክንያቱም ከመኪናው በስተጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ ባሏ በእርሳስ የሳላት ቀስት ነበረች። ቂብላቸው እሷ ናት፤ ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩት ቀስቷ ወዳመለከተችበት ነው። ቤቱ የገቡ ዕለት ቀያሹ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲሸከም ውሎ ላብ በላብ ሆኖ፣ የአስር ሰላት ሊያልፍ ሲል፣ ወለሉ ታጥቦ እርጥብ ስለነበረና ሌላ ጠረጴዛ ስላልነበረ፣ ኮምፓሱን ያስቀመጠው የስፌት መኪናው ላይ ነው። ትዝ ይላታል። "ኑ እዩ፣ ይህ ቤት በሰለጠነ ሰው የተለካ ቂብላ አለው" ብሎ ነበር። ከቀስቷ ሥርም እንደ መንግሥት ሰነድ ዲግሪውንና ቀኑን ጽፎ ፈርሞበታል።

ተንበርክካ ኮምፓሱን ግድግዳው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አስተካከለችው። ቁጥሩ የሚያመለክተው የመኝታ ቤቱን በር ነው። ቀስቷ የምታመለክተው ግን መስኮቱን ነው። በመስኮቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚታየው ከመንገዱ ማዶ ያለው የግብር መሥሪያ ቤት ነው።

"አስራ ዘጠኝ ዓመት" አለች ለራሷ። "በቀን አምስት ጊዜ። ወደ ግብር ቢሮ።"

ጠመኔ አንስታ ጨርቅ ላይ አባዛችው። ሠላሳ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሰባ አምስት ወጣ። እንደገና አባዛችው፤ አልቀነሰም።

እንዴት እስከ ዛሬ ሳይታወቅ ቀረ የሚል ሰው ባሏን አያውቀውም። ቀያሽ ቤት ኮምፓስ ይዞ የሚገባ ማን አለ? አንድ ጊዜ እህቱ ልትጠይቃቸው መጥታ ስልኳ ላይ ያለው ቂብላ ወደ መኝታ ቤቱ ሲያመለክት "ወንድምዓለም፣ ይሄ ነገር…" ብትለው፣ "ስልክሽ ተበላሽቷል፣ አሠሪው" ብሏት ነበር። እሷም አሠራችው።

በማግስቱ እናት ነጠላዋን ደርባ ሼኹ ዘንድ ሄደች። የሰፈሩ ኢማም በሁለት ሰላት መሃል ጎማ ይጠግናሉ፤ ልጆች ከኋላቸው "ሼኽ ጎማ" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። ስትደርስ እጅጌያቸውን ሰብስበው የተነፋ የውስጥ ጎማ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከሩ ቀዳዳ ይፈልጉ ነበር።

"ሼኽ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ" ብላ ጀመረች።

"ስንተኛ ፎቅ?"

"ሦስ… አምስተኛ።"

"ሕንፃችሁ አራት ፎቅ አይደለም እንዴ?"

"ሌላ ሕንፃ ነው።"

"እሺ እህቴ። ጎረቤትሽ ምን አገኛት?"

ነገረቻቸው። ሼኹ ጎማውን እያገላበጡ ሰሟት።

"ሰውየው ሲለካ በያዘው መሣሪያ፣ ባወቀው ልክ፣ ደክሞበት ነው የለካው?"

"ወላሂ ሼኽ፣ ሸሚዙ ይጨመቅ ነበር።"

"እንግዲያው ያለፈው ሰላት ሰላት ነው። አላህ ኮምፓስ ነጋዴ አይደለም። ካወቁበት ደቂቃ ጀምሮ ግን መዞር ነው። ጎረቤትሽ እያወቀች ወደዚያው ከሰገደች ሌላ ወሬ ነው የምናወራው።"

"ባሏን እንዴት ትንገረው? ሰውየው እኮ ቀያሽ… አናጢ ነው። በዚህ ዓለም የሚኮራበት አንድ ነገር መለካቱ ነው። ቢሰማ ልቡ ቀጥ ይላል።"

"ቀያሹ አናጢ አይሞትም። ዛሬውኑ ትንገረው።"

እናት እግሯን አነሳች፤ መልሳ አኖረችው። "ሌላም ጎረቤት አለችኝ።"

"አንቺ ጎረቤት አይጎድልብሽም።"

"ልጇ አልሰግድም አለች። እስካውቅ እፈልጋለሁ ትላለች።"

"ትሳደባለች?"

"የለም።"

"ትጠይቃለች?"

"ሳትተነፍስ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ቤቱ ባዶ ነው ብሎ የቆረጠ ሰው በር ሲያንኳኳ አይቆምም፤ ጥሎ ይሄዳል። እኔ የምቸገረው በሌሎቹ ነው። ግማሾቹ ሰጋጆቼ የሚጠይቁኝ ሰላቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብቻ ነው።" ጎማውን ውሃው ውስጥ ደፈቁት፤ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። "ይኸው! አየር ይታይሻል? አይታይም። አረፋውን ግን ታያለሽ። ይህንን ለልጅቷ ንገሪያት።"

እናት ይህቺን አባባል እንዳትጠፋት መንገዱን ሙሉ እያነበነበች ተመለሰች። ልጅቷን ወጥ ቤት አገኘቻት፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረቻት።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። "ግን እኮ እማ፣ አረፋው የሚያሳየው ጎማው መበሳቱን ነው።"

"እሱን አላሰብኩትም።"

"ሼኽ ጎማም አላሰቡትም። ግን ቆንጆ ነው፤ ወድጄዋለሁ። እሳቸው ጋ ለምን ሄድሽ?"

"ጎማ ላስጠግን።"

"መኪና የለንም እኮ፣ እማ።"

"ሲኖረን" ብላ እናት ጥላት ወጣች።

ለባሏ በዚያን ቀን ልትነግረው ነበር። ነገር ግን ከሥራ ሲመጣ ራሱን እንዳመመው ነገራት፤ ተወችው። በማግስቱ ደግሞ ደስ ብሎት መጣ፤ ደስታውን ላበላሽበት ወይ ብላ ተወችው። ሰውየው ወይ ይከፋዋል ወይ ደስ ይለዋል፤ ለክፉ ወሬ የሚመች መካከለኛ ፊት የለውም። በዚህ መሃል እሷ ከእሱ ኋላ ቆማ ወደ ግብር ቢሮው ትሰግድና፣ እሱ ሲወጣ ወጥ ቤት ገብታ፣ ማቀዝቀዣውን ፊት ለፊቷ አድርጋ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ትደግመዋለች። አምስቱ ሰላት በቀን አስር ሆነባት። ጉልበቷ ከስፌት መኪናው ተገላገለ ሲባል ይህ መጣበት።

በሦስተኛው ቀን፣ አንድ የተንጋደደ መጋረጃ ስታስተካክል ሐሳቡ መጣላት። ጨርቅ ሲዛነፍ፣ ሥራውን የሚያውቅ ልብስ ሰፊ አይተረትረውም። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ጥቂት ጥቂት ሳብ እያደረገ መዛነፉን ርዝመቱ ላይ ያካፍለዋል፤ ዓይን አይይዘውም። መስገጃውን የምታነጥፈው እሷ አይደለችም? በቀን ሁለት ጣት ብታዞረው፣ በአስራ ስምንት ቀን ቂብላው ላይ ያርፋል። የሚታመም የለም፣ የሚያፍር የለም።

በመጀመሪያ ቀስቷን መጋረጃ ሰፍታ ሸፈነቻት።

"የእርሳስ ቀስት መጋረጃ ያሻታል እንዴ?" አላት ባሏ።

"ለክብሯ ነው።"

"እሱስ ይገባታል" አለ ቀያሹ፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ ማዞር ጀመረች። መስገጃው ብቻውን ሲዞር ከምንጣፉ መስመር ጋር ስለማይገጥም ምንጣፉም ዞረ። ምንጣፉ ሲዞር ሶፋው ስለሚያሳብቅ ሶፋው ዞረ። ትንሿ ጠረጴዛ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው፣ ቴሌቪዥኑ ተከተሉ። ባሏ ሥራ ሲሄድ በየቀኑ ዕቃውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጣት ስትገፋ ወገቧ ተቆረጠ። በአስረኛው ቀን ሶፋው የመታጠቢያ ቤቱን በር ማየት ጀመረ። ቀያሹ ቁጭ ይላል፣ ወለሉን ያያል፣ ዓይኑን ያሻል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን እናት የመደርደሪያውን እግር በጉልበቷ ስትገፋ ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች።

"እማ፣ ሳሎኑ በቀን ሁለት ዲግሪ ገደማ እየዞረ ነው። ስምንት ቀን ለክቼዋለሁ።"

"ለምን ትለኪዋለሽ?"

"ለምን ታዞሪዋለሽ?"

እናት ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ መኪናውን፣ መርፌውን፣ ሼኹን፣ ማቀዝቀዣውን። ልጅቷ ግብር ቢሮው ላይ ስትደርስ ሳቋ አፈናት። ሶፋው ላይ ተደፍታ፣ ትራሱን ነክሳ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ሳቂ!" አለች እናት። "አሁን ደስ ይበልሽ። አባቴ አስራ ዘጠኝ ዓመት ለግድግዳ ሰገደ በይ።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። "እማ፣ ሕፃን ሆኜ ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ዓይኔን አልገለጥኩም ነበር ብለሽኝ የለም? ያኔ እዚህ ቤት ነበርን?"

"በገባን በአራተኛው ወር ነው። ሐኪሙ ጠብቁ ብሎ እጁን ሲያጥብ፣ እኔ ከዚህ ምንጣፍ ላይ አልተነሳሁም።"

"ወደ ግብር ቢሮው።"

"ወደ ግብር ቢሮው" አለች እናት፣ ድምፅዋ ሰለል ብሎ። "እና ተረፍሽ።"

ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ማዶ ያሉት ሰዎች ወረቀት ይዘው ተሰልፈዋል።

"ይሄ ምንም አያረጋግጥም፣ እማ።"

"ስለ ማረጋገጥ ማን አወራ? ለመንኩ፣ ተረፍሽ ነው ያልኩሽ። ዛሬ ለአባትሽ እነግረዋለሁ።"

"እንዳትነግሪው!" አለች ልጅቷ፣ ከሶፋው ብድግ ብላ።

"አንቺ አይደለሽም እውነት ካልሆነ ብለሽ ቤት ያመስሽው?"

"እሱ የኔ ነው። ይሄ ሌላ ነው። አባ ከተሳሳተ ምን ይቀረዋል?" መደርደሪያውን በሌላው ጫፍ ያዘች። "ስድስት ቀን ነው የቀረሽ። ቅዳሜ እስክሄድ ድረስ እኔ አግዝሻለሁ። ግፊ።"

ገፉ። እናትን የገረማት ሌላ ነው፤ ልጅቷ ከቂብላው ይልቅ አባቷን ነበር በጥንቃቄ የያዘችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቁልፉ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። እናት እጇን የምታሳርፍበት ብታጣ የባሏን ኮት አንስታ ስትቦርሽ ከኪሱ የሐኪም ወረቀት ወደቀ። "ሚዛን የመጠበቅ ችግር፤ የጆሮና የጭንቅላት ምርመራ" ይላል። ጭንቅላት የሚለውን ስታነብ ባሏን በሐሳቧ ገንዛ፣ ሰላተል ጀናዛ አሰግዳ፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ከየት እንደምትዋስ ማሰብ ጀምራ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች ሳሎን ገብታ።

ቀያሹ ወረቀቱን አይቶ አንገቱን ሰበረ። "እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ስሰግድ ቤቱ ይዞርብኛል። ሶፋው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም። ጆሮዬን አዩት፤ ደህና ነው አሉ። እንግዲህ ጭንቅላት ነው የቀረው።"

"የዞረው ምንጣፉ ቢሆንስ ብለህ አላሰብክም?"

"ምንጣፉ በቀስቷ ነው የሚነጠፈው። ቀስቷ አትሳሳትም። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ልጅቷ በሩ ላይ ሆና ለማንም ሳይሆን ለጣራው "አካሄዱ ልክ ነው፤ ችግሩ መነሻው ላይ ነው" አለች።

እናት ከዚያ በኋላ መያዝ አልቻለችም። ተናገረች። መጋረጃዋን ገልጣ ቀስቷን አሳየችው፤ መቀሷን አምጥታ መርፌውን አዞረችለት። ቀያሹ መርፌውን አየ፣ መቀሱን አየ፣ ፊርማውን አየ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የመለኪያ መሣሪያውን፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያውንና ቀይና ነጭ የተቀባውን ረጅም ዘንግ አወጣ።

"ወዴት ነው?" አለች እናት።

"ጣራ ላይ። ብረት ካለበት ቤት ውስጥ አይለካም። የመጀመሪያ ቀን ነው ይህንን የሚያስተምሩን። የመጀመሪያ ቀን!"

ጣራው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድና የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ አለበት። ቀያሹ ማቆሚያውን አቆመና ዘንጉን ለሚስቱ ሰጣት። "ጥጉ ላይ ሄደሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢልኝ።" ሄደች፤ ከጠርዙ ሦስት እርምጃ ሲቀራት እግሯ እምቢ አለ። ዘንጉ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

"ጠጋ በይ እንጂ!"

"ወድቄ ብሞት ማን ይቀብረኛል?"

"ዘንጉ ይንቀጠቀጣል እኮ፣ እንዴት ልለካ?"

ሻንጣዋን እስከ ጣራው ደረጃ ይዛ ወጥታ የነበረችው ልጅ ሻንጣውን አኖረች፤ ዘንጉን ከእናቷ እጅ ወሰደችና ጥጉ ላይ ቆመች። በትምህርት ቤት እረፍት አባቷን ተከትላ ሜዳ ለሜዳ ስትዞር ይዛው ያደገችበት ዘንግ ነው። ቀጥ አለ፤ ነፋሱ እንኳን አልነቀነቀውም።

ቀያሹ ዓይኑን መሣሪያው ላይ ጣለ። "ለልጅሽ ንገሪያት…" ብሎ ጀመረ። ሚስቱ ግን ዓይኗን ጨፍና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዱዓ ይዛለች፤ የሚሰማው አጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወደ ግራ!" አለ።

"ስንት?"

"አንድ ጣት።"

"የማን ጣት? ያንተ ወይስ የኔ?"

ይህ የድሮ ቀልዳቸው ነበር። ቀያሹ መሣሪያው ላይ እንዳጎነበሰ "የኔ" አለ። "አሁን ትንሽ ወደ ቀኝ። እዚያ! አትንቀሳቀሺ።"

ሦስት ጊዜ ለካ። ሦስት ጊዜም ያው ነው፤ ቀስቷ ከቂብላው የሳተችው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ሄዶ ቁጭ አለ።

"ሼኹ ያለፈው ሰላት ሰላት ነው ብለዋል" አለች እናት ከደረጃው።

"ለሼኹ ነገርሽ?"

"የጎረቤት ነገር ብዬ ነው። የአምስተኛ ፎቅ።"

"አምስተኛ ፎቅ የለንም።"

"እሳቸውም ያንኑ ነው ያሉት።"

ልጅቷ ዘንጉን እንደያዘች መጥታ አጠገቡ ቆመች። "አባ፣ አልዋሸህም። ባለህ ነገር ለካህ፤ ተሳሳትክ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።"

"አንቺስ?" አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። "የቱ ላይ ደረስሽ?"

"እኔ ገና ነኝ። አጠገቤ ብረት ካለ እሱን እያራቅሁ ነው።"

"ብረቱ እኔ ነኝ?"

"አንዳንዴ" አለች።

እሱም ይህንን እንደ ልኬት ተቀበለው፤ አልተከራከረም። ማዶ ያለውን ግብር ቢሮ ሲመለከት ቆየ። "ሠላሳ አራት ሺህ ጊዜ ሰግጄላቸው" አለ፣ "አንድ ቀን እንኳ ቅናሽ አላደረጉልኝም!"

ልጅቷ ሳቀች። እናትም ስቃ ወዲያው "አስተግፊሩላህ" አለች።

የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ ወርደው ሳሎኑን የቀረውን ያህል በአንድ ጊዜ አዞሩት። ልጅቷ የእናቷን የስፌት ክር ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራ አዲሱን መስመር ያዘችላቸው። አባት ከፊት፣ እናት ከኋላ ቆሙ። ልጅቷ አልቆመችም። ክሩን በጣቷ እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸው ነበር፤ ሰግደው እስኪጨርሱ አልለቀቀችውም።

ታች መንገድ ላይ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። ልጅቷ ተነስታ ሻንጣዋን ያዘች። አባቷ ወጥ ቤት ገባ። ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ፣

"የቤቱ በር ሲሞቅ ይጣበቃል" አለ። "ከውጭ ስትከፍቺ ወደ ላይ ሳብ አድርጊና ነው ቁልፉን የምታዞሪው።"

ከልጅነቷ ጀምሮ ስትከፍተው የኖረችው በር ነው። ልጅቷ ግን ዛሬ የምትሰማው ይመስል "እሺ አባ፣ ወደ ላይ ሳብ" አለች። እጇን በትከሻው ላይ አሳልፋ ቁልፉን አነሳችና ቀለበቱ ውስጥ መለሰችው። ሻንጣውን እሱ ተሸክሞላት ወረደ።

እናት ብቻዋን ቀረች። መወልወያዋን አንስታ ማቀዝቀዣውን አናቱን እስከ ጥግ ወለወለችው፤ የቁልፉ ቅርጽ በአቧራ ውስጥ ታትሞ ነበር። ከዚያ ታክሲው ሲገለበጥ፣ የተከራዩት ክፍል ሲቃጠል፣ ጓደኛዋ ሌባ ስትሆን ሁሉ ተራ በተራ ታያት። እጇን ዘርግታ፣ ትክክለኛውን ቂብላ ይዛ፣ ልጄን ጠብቅልኝ ብላ ለመነች። ጨርሳ እጇን ፊቷ ላይ ልታብስ ስትል ግን ቆም አለች። መስኮቱን አየች። በስተዚያም በኩል ሰሚ ነበረ እኮ። ለማንኛውም ብላ፣ ማንም እንዳላያት ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ወደ ግብር ቢሮው ፊቷን መለሰችና አንድ ጊዜ "አሚን" አለች።